ያልነበረው ገጽ

መምህርቷ ያልገባት ነገር ሲያጋጥማት ምሳ አይበላላትም። ልጅ ሳለች የሰፈሩ ሰዓት ጠጋኝ «ይቺን ልጅ ሱቄ ደጃፍ አታድርሱብኝ» ብሎ ለእናቷ አቤት ብሎ ነበር። የፈታውን ሰዓት ሁሉ «ይሄ ጥርስ ምን ያደርጋል? ባይኖርስ?» እያለች ሥራ ታስፈታው ነበር። አሁን ሠላሳ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ጠባይዋ ግን ያው ነው።

ሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ሲጀመር ወደ አንዲት አነስተኛ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተዛውራ መጣች። ስምንት ክፍል፣ አንድ የውሃ ቧንቧ፣ ዝናብ ሲወርድበት ማስተማር የሚያስቆም የቆርቆሮ ጣሪያ። የተሰጣት ሦስተኛ ክፍል ነው፤ አርባ አንድ ልጅ። እስከዚያ ድረስ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ክፍል ያሉትን ልጆች ሁሉ ንባብ የሚያስተምሩት አንድ አንጋፋ መምህር ነበሩ። ልጆቹ «ትልቁ ቲቸር» ይሏቸዋል፤ መምህራኑ ደግሞ «ጋሼ»። ሠላሳ አንድ ዓመት እዚያው ግቢ ውስጥ አስተምረዋል፤ ዳይሬክተሩ ራሱ የእሳቸው ተማሪ ነበር።

«ልጆችሽ ሲያነቡ ብትሰሚ አፍሽን ትይዣለሽ» አላት ዳይሬክተሩ በመጀመሪያው ቀን። «የዓመቱን መጽሐፍ በግማሽ ዓመት ነው የጨረሱት። ችግራችን ፈተና ላይ ነው።» ከመሳቢያው አንድ ወረቀት አውጥቶ ወደ እሷ ገፋው። በአካባቢው ካሉት አሥራ አንድ ትምህርት ቤቶች የእነሱ አሥራ አንደኛ ወጥቷል።

«ሁሉም ክፍል እንዲህ ነው?»

«ጉዱ እሱ ነው እኮ! አምስተኛና ስድስተኛ ክፍል ደህና ነን፤ መሃል ላይ አለን። ከአራተኛ ጀምሮ ወደ ታች ነው ገደል የገባነው። ድሮ እንዲህ አልነበርንም።»

«ከመቼ ወዲህ ነው?»

«አራት ዓመት ቢሆነው ነው።»

«ለምን?»

«እሱን ባውቅ እዚህ ቁጭ ብዬ ጸጉሬን እነጫለሁ?» አለ ዳይሬክተሩ። ጭንቅላቱ ላይ የሚነጭ ጸጉር ከጠፋ ስለቆየ መምህርቷ ሳቋን በግድ ዋጥ አደረገችው።

በማግስቱ ልጆቹን ለንባብ አስነሳቻቸው። እውነትም አፏን ያዘች። አርባ አንዱም በአንድ ድምፅ፣ ሳይደናቀፉ፣ ነጥቡ ጋ ትንፋሽ እየወሰዱ እንደ ውሃ አወረዱት። ከሁሉም የሚበልጠው ከክፍሉ አንደኛ የሚወጣው ልጅ ነው፤ ጓደኞቹ «ሬዲዮ» ይሉታል። ብቻውን ሲያነብ ዜና የሚያቀርብ ነው የሚመስለው። ከሁሉም ኋላ ደግሞ አንዲት ቀጭን ልጅ አለች። መስኮቱ ጥግ ተቀምጣ በጣቷ መስመሩን እየተከተለች ሁልጊዜ ከጓደኞቿ ሁለት ሦስት ቃል ትቀራለች። ፍጠኚ ስትባል «እደርሳለሁ» ነው መልሷ፤ ስሟም «ደርሳለሁ» ሆኖ ቀረ። ደረጃዋ አርባ አንደኛ ነው።

ያን ቀን ክፍሉ በሙሉ «ቀይ ኮፍያዋን ነፋስ ወሰደባት» ሲል፣ ከመስኮቱ ጥግ አንዲት ቀጭን ድምፅ ዘግይታ «ሰማያዊ ኮፍያዋን» አለች። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መምህርቷም መጽሐፎቹ ሁሉ በልጆቹ እጅ ስለነበሩ፣ ልጅቷ ተሳስታ ይሆናል ብላ አለፈችው።

ከዚያ ፍለጋዋን ጀመረች። መጀመሪያ የጠረጠረችው ዓይናቸውን ነው። ከጤና ጣቢያ ነርስ ለምና አምጥታ አስመረመረቻቸው፤ ከአርባ አንዱ መነጽር የሚያስፈልገው ሁለት ብቻ ሆነ። ቀጥላ የፈተናውን ወረቀት ጠረጠረች፤ ኅትመቱ ግን ቁልጭ ያለ ነው። ምናልባት ፈተና የሚለውን ስም ሲሰሙ ይሆናል የሚርበደበዱት ብላ ደግሞ አንድ ቀን እንደ ጨዋታ አድርጋ በቃል ጠየቀቻቸው። ደመና ከየት ይመጣል? አሥራ ስምንት ብርቱካን ለስድስት ልጅ ሲካፈል ለእያንዳንዱ ስንት ይደርሰዋል? እጃቸውን እያወጡ፣ «ቲቸር እኔ! ቲቸር እኔ!» እያሉ ሁሉንም መለሱ። ያንኑ ጥያቄ በማግስቱ ሰሌዳ ላይ ጻፈችና ደብተራቸው ላይ እንዲመልሱ አዘዘች። ክፍሉ ጸጥ አለ። ደብተሮቹን ስትሰበስብ ግማሾቹ ባዶ ናቸው። የቀሩት ጥያቄውን ራሱን በሚያምር እጅ ጽሑፍ ገልብጠው ከሥሩ አስምረውበታል።

ነገሩ ከነከናት። ያውቃሉ፤ ያነባሉ፤ ይጽፋሉ። ታዲያ የቱ ጋ ነው የሚጠፉት?

መልሱን ያገኘችው ሳትፈልገው ነው። ለአርባ አንድ ልጅ ያለው መጽሐፍ አሥራ አራት ስለሆነ አንዱን መጽሐፍ ሦስት ሦስት ሆነው ነው የሚይዙት። አንድ ጠዋት ሬዲዮ ቆሞ ሲያነብ መምህርቷ በወንበሮቹ መሃል እየተዘዋወረች ከኋላው ደረሰች። ሬዲዮ እንደ ልማዱ ድምፁን ሞልቶ የኮፍያዋን ታሪክ ያወርደዋል። መምህርቷ በትከሻው አሻግራ መጽሐፉን አየች። በግራ በኩል ገጽ አርባ ሁለት ነው። በቀኝ በኩል ገጽ አርባ አምስት። መሃል ላይ የነበረው ቅጠል ከሥሩ ተቀድዷል።

ሬዲዮ ገጽ አርባ ሦስትን እያነበበ ነበር።

ጣቱ እንኳ በሥርዓት ከመስመር መስመር ይሄዳል። ጣቱ ያለበት ገጽ ግን ስለ ንብ ቀፎ ነው የሚያወራው፤ ከላዩም አንዲት ትልቅ ንብ ተሥላለች። ጣቱ ንቧ ላይ፣ አፉ ኮፍያው ላይ።

«ቆይ እስቲ» አለች ድምፅዋን ለስለስ አድርጋ። «ጣትህ ያለበት ጋ ምን ይላል?»

ሬዲዮ ዝቅ ብሎ አየ። «ቀይ ኮፍያዋን ነፋስ ወሰደባት ይላል፣ ቲቸር።»

«ጎበዝ። ቁጭ በል።»

ደወል እንደተደወለ በቀጥታ ወደ መጋዘን ነው የሄደችው። የንብረት ክፍል ሠራተኛዋ ቁልፎቿን ወገቧ ላይ እያንቃጨለች፣ ያልተቀደደ መጽሐፍ ፈልጋ ሰጠቻት። መምህርቷ ገጽ አርባ ሦስትን ገለጠች። «ሰማያዊ ኮፍያዋን ነፋስ ወሰደባት» ይላል። ሥዕሉም ሰማያዊ ነው። ደግማ አነበበችው። የመስኮቱ ጥግ ያቺ ቀጭን ድምፅ ጆሮዋ ላይ መጣችባት።

«ይሄ መጽሐፍ ድሮም ሰማያዊ ነው የሚለው?» ብላ ጠየቀች።

«እኔ ምኑን አውቄ» አለች ንብረት ክፍሏ። «ይሄ ከአራት ዓመት በፊት የመጣው አዲሱ እትም ነው። አሮጌውን ከፈለግሽ ያ መደርደሪያ እንዳይወላገድ እግሩ ሥር አድርጌዋለሁ።»

ሁለቱ ተጋግዘው መደርደሪያውን አነሱና አወጡት። አቧራውን እፍ ብላ ገለጠችው። ቀይ ኮፍያ።

በሚቀጥሉት ሁለት ቀናት መምህርቷ አንድ አጭር ታሪክ ጻፈች፤ ስለ አንዲት ፍየል። ቃላቱን ሁሉ የወሰደችው ከራሱ ከመማሪያ መጽሐፉ ነው፤ ቅደም ተከተላቸው ብቻ አዲስ ነው። ከዚያ በረንዳው ላይ ሁለት ወንበር አስቀምጣ ልጆቹን አንድ በአንድ ጠራቻቸው። ታሪኩ «አንድ ቀን» ብሎ ይጀምራል። ሬዲዮ «አንድ ቀን» የሚለውን ሲያይ ፊቱ በራና የመጽሐፉን የመጀመሪያ ምዕራፍ ከዳር እስከ ዳር አወረደላት። ሌሎቹ ሥዕል ከሌለው ወረቀት ፊት ተቀምጠው ጣሪያ ጣሪያውን አዩ። ሦስት ልጆች ፊደሎቹን እየለቀሙ ሞከሩ፤ ሁለተኛው መስመር ላይ ደከማቸው። ሠላሳ ሰባቱ ጨርሶ ማንበብ አይችሉም።

የመጨረሻዋ ደርሳለሁ ነበረች። ወረቀቱን ወደ ብርሃኑ አዘንብላ፣ ጣቷን አስቀድማ፣ ቀስ እያለች አነበበችው። እስከ መጨረሻው። ከዚያም ወረቀቱን መልሳ ታየው ጀመር።

«ምነው?» አለቻት መምህርቷ።

«ቲቸር፣ ፍየሏ ሦስት ልጆች አሏት ይላል። ታች ደግሞ አራቱም ተኙ ይላል። አራተኛዋ እናትየዋ ናት?»

መምህርቷ ወረቀቱን ተቀብላ አየች። ሳታስተውል የጻፈችው ስህተት ነው። «አይ፣ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት» አለችና እዚያው አረመችው። «ለመሆኑ ማንበብ ማን አስተማረሽ?»

«አጎቴ። ግን እኔ ነኝ እሱን የማርመው።»

ይሄን ሰምታ እንዴት ቤቷ ትገባለች? ከትምህርት በኋላ ልጅቷን ተከትላ አጎትየው ሱቅ ሄደች። ማስታወቂያ ጻፊ ነው። ሱቁ ከወለል እስከ ጣሪያ በቀለም ቆርቆሮና በግማሽ በተጻፉ ሰሌዳዎች ተሞልቷል፤ ጥፍሮቹ አረንጓዴ ናቸው።

«አንደኛ ክፍል ስትገባ እግሯ ተሰበረ» አላት ብሩሹን እየጠረገ። «ስምንት ወር ሙሉ እዚያች ወንበር ላይ ነበረች። ፊደሉን እዚሁ ነው ያስቆጠርኳት። ያኔ አንድ ባለ ሱቅ በሩ ላይ መኪና እየቆመ ስላስቸገረው ‹እዚህ ማቆም ክልክል ነው› ብለህ ጻፍልኝ አለኝ። ጻፍኩለት፤ አሳምሬ፣ በቀይ። ሁለተኛውን ሰሌዳ ልሰቅልለት ስል ይቺ ከጥግ ሆና ‹አጎቴ፣ ሰው ለምን መቆም አይችልም?› አለችኝ። ባየው ለካ ‹መቆም ክልክል ነው› ብዬ ነው የጻፍኩት! የ‹ማ›ን አንዲት እግር ረስቼ። ገዢው ሁሉ ያነብና ሳይቆም ያልፋል፤ ባለ ሱቁ ሰው ምን ነካው እያለ ለሁለት ቀን ዝንብ ሲያባርር ሰንብቷል። ከዚያ ወዲህ እሷ ፊደል በፊደል ሳታነብልኝ ከዚህ ቤት የሚወጣ ሰሌዳ የለም።»

ደርሳለሁ አፍራ ጫማዋን ታያለች።

አሁን የቀረው ከባዱ ነው። መምህርቷ ጋሼን እንዴት ብላ ትጠይቃቸው? በማግስቱ ጠዋት ትርፍ ሰዓቷን ጠብቃ ወደ አንደኛ ክፍል ገባችና ከኋላ፣ ጉልበቷ አገጯን እስኪነካ ድረስ ትንሹ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ጋሼ መጽሐፉን በግራ እጃቸው ይዘው ሰሌዳው ፊት ቆመዋል። ይላሉ፤ ስልሳ ልጅ ይከተላቸዋል። ገጹን በሰዓቱ ይገልጣሉ። ግን አንድም ጊዜ ወደ መጽሐፉ አላዩም። አጠገቧ ያለው ሕፃን በያዘው መጽሐፍ ላይ «በግ» የሚለው ጋ እሳቸው «ላም» ይላሉ፤ ስልሳውም ልጅ በጉን እያየ «ላም!» ይላል።

ልጆቹ ለእረፍት ሲወጡ ወደ እሳቸው ቀረበች። «ጋሼ፣ አንዲት አጭር ንባብ ጽፌ ነበር። እስቲ ይዩልኝ።»

ወረቀቱን ተቀበሏት። ገለበጡት፣ ራቅ አደረጉት፣ ከንፈራቸውን አንቀሳቀሱ። «ጥሩ ነው» አሏት ፈገግ ብለው። «እጅ ጽሑፍሽም ያምራል፣ ልጄ።»

ወደ ፊታቸው ያዞሩት ባዶውን ገጽ ነበር።

ዝም ብላ ብትወጣ በወደደች። «ጋሼ» አለች በመጨረሻ፣ «ወረቀቱ ተገልብጧል። ጽሑፉ በወዲያኛው በኩል ነው።»

ከውጭ የልጆች ጩኸት ይሰማል። ጋሼ ወረቀቱን ቀስ አድርገው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

«ማን ነገረሽ?»

«ማንም አልነገረኝም። አሁን ነው ያወቅኩት።»

«መጀመሪያ ጭስ መሰለኝ» አሉ ወንበራቸውን በእጃቸው ፈልገው እየተቀመጡ። «የእንጨት ጭስ። ከዚያ ሰሌዳው ሄደ፣ ከዚያ መጽሐፉ። ግን ሠላሳ አንድ ዓመት ያስተማርኩትን መጽሐፍ ማየት ምን ያደርግልኛል? እያንዳንዱን ገጽ አውቀዋለሁ። ልጆቹንም በድምፃቸው፣ በእርምጃቸው እለያቸዋለሁ። ጡረታ ለመውጣት ሁለት ዓመት ነው የቀረኝ። ማንንም አልበደልኩም። ደግሞ ያነባሉ እኮ! ሰምተሻቸዋል!»

«አያነቡም፣ ጋሼ። የሚያነቡት እርስዎን ነው።»

ፊታቸው ተለዋወጠ። «ውጪልኝ» አሏት። ድምፃቸው ከፍ አላለም፤ ግን መምህርቷ ወጣች። ቀኑን ሙሉ እጇ ሥራ አልያዝ አላት። ምን አደረግኩ፣ የሽማግሌ ሰው ቅስም ሰበርኩ፣ ብላ ራሷን ወቀሰች።

በማግስቱ ጠዋት ግን ጋሼ በሩ ላይ ቆመው ጠበቋት። ዓይናቸው ቀልቷል። «ከሁሉም ልጆች ማንበብ የቻለ አንድም የለም?» ብለው ጠየቋት።

«አንዲት አለች። ደርሳለሁ።»

ጋሼ እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። «እሷን እኮ ሁልጊዜ የምቆጣት እኔ ነኝ። ‹ሰማያዊ› ባለች ቁጥር ‹አትቀላምጂ› ብዬ አቆማት ነበር። ጥሪልኝ።»

ልጅቷ መጥታ ፊታቸው ቆመች። ጋሼ ዝቅ ብለው «ልጄ፣ ልክ የነበርሽው አንቺ ነሽ። ስሕተቱ የእኔ ነው፤ ይቅርታ አድርጊልኝ» አሏት። መምህርቷ የምታለቅስ መስሏት ነበር። ደርሳለሁ ግን አንገቷን ዘንበል አድርጋ ዓይናቸውን ተመለከተች።

«ትልቁ ቲቸር፣ እኔ አሁን ምን እመስላለሁ?»

ጋሼ ሳቁ። «ጥላ ትመስያለሽ። ቁመቷ አጠር ያለ፣ ጥያቄዋ የበዛ ጥላ።»

ወደ ዳይሬክተሩ ቢሮ የገቡት ራሳቸው ናቸው፤ መምህርቷ ልከተልዎ ብትል እንኳ እምቢ አሉ። ዳይሬክተሩ ሲወጣ አፍንጫውን በመሐረብ እየጠረገ ነበር። ጋሼ ሐኪም ቤት ሄደው ሲታዩ፣ ሐኪሙ የዓይን ሞራ ግርዶሽ ነው፣ በቀዶ ጥገና ይነሣል አለ፤ ወረፋው ግን ሁለት ወር ነው።

በሁለቱ ወር መምህርቷ መጽሐፉን ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፈችበት። ማስታወቂያ ጻፊው ከሥራ የተረፉትን ቁርጥራጭ ሰሌዳዎች ሰብስቦ በእያንዳንዱ ላይ አንድ አንድ ቃል ጻፈላት፤ ደርሳለሁም ፊደል በፊደል አይታ አስረከበች። ልጆቹ ሰሌዳዎቹን ተሸክመው ሜዳ ላይ ይሰለፋሉ፤ ዛሬ የተሰለፈው ዓረፍተ ነገር ነገ አይደገምም። በቃል የሚያዝ ነገር የለም። አንዳንድ ቀን የሚወጣው ዓረፍተ ነገር ራሱ ያስቃል፤ «ዳይሬክተሩ ሣር በላ» የወጣ ቀን ዳይሬክተሩ ራሱ ከቢሮው ወጥቶ አነበበው።

ከሁሉም የተቸገረው ሬዲዮ ነው። ከአንደኝነቱ ሲወርድ ሁለት ቀን ከትምህርት ቤት ቀረ። ሲመለስ የመጀመሪያዋን ፊደል ያይና ቀሪውን በግምት ይወረውራል፤ «መስኮት» የሚለውን «መኪና» ይላል። መምህርቷ ከደርሳለሁ አጠገብ አስቀመጠችው። «እንዳትነግሪው» አለቻት፤ «‹መጨረሻውን እይ› ብቻ በይው።» ለሦስት ሳምንት ያህል ከመስኮቱ ጥግ የሚሰማው «መጨረሻውን እይ!» ብቻ ሆነ። አንድ ቀን ሬዲዮ አንድ ሰሌዳ አንሥቶ ረዥም ጊዜ አፈጠጠበት፤ ከዚያ በሹክሹክታ «ቧንቧ» አለ። ዞር ብሎ ሰው እንዳልነገረው አረጋገጠ። ደግሞ «ቧንቧ!» ብሎ ጮኸና ሰሌዳውን ታቅፎ ወደ ውሃው ሮጠ።

በዓመቱ መጨረሻ ፈተና ትምህርት ቤቱ ከአሥራ አንድ ዘጠነኛ ወጣ። ተአምር አልነበረም፤ ሁለት ደረጃ ብቻ ነው። ሊጎበኝ የመጣው ሱፐርቫይዘር እንዲያውም ልጆቹ ሲያነቡ ሰምቶ ቅር አለው። «ምን ሆነው ነው? አምና እንደ ውሃ ነበር የሚያወርዱት። አሁን እኮ እየተንተባተቡ ነው» አለ።

«አሁን እያነበቡ ስለሆነ ነው» አለ ዳይሬክተሩ።

ጋሼ ቀዶ ጥገናው ተሳክቶላቸው በአዲሱ ዓመት መነጽር አድርገው ተመለሱ። ሬዲዮን ሲያዩት ሳቃቸውን መግታት አቃታቸው። «ይሄ ነው ሬዲዮ? በድምፁ ሁለት ሜትር የሚሆን መስሎኝ!» መምህርቷ አንደኛ ክፍልን ከእሳቸው ጋር ለሁለት እንድትካፈል ጠየቁ፤ ሠላሳ ሠላሳ ልጅ። ምሳ ሰዓት ላይ ሁለቱ አዲሱን እትም መሃላቸው አስቀምጠው፣ ከአሮጌው የተለየውን እየፈለጉ ይከራከራሉ። እስካሁን አሥራ ዘጠኝ ቦታ አግኝተዋል።

በመጀመሪያው ወር ማብቂያ ላይ የሬዲዮ እናት ነጠላ ጫማቸውን እያንኳኩ ዳይሬክተሩ ቢሮ ገቡ፤ መምህርቷም እዚያው ነበረች።

«ልጄን ምን አደረጋችሁት?» አሉ ገና ሳይቀመጡ። «ሳሙና ግዛ ብዬ እልከዋለሁ፣ አንድ ሰዓት ይቆያል። የት ነበርክ ስለው ‹እያነበብኩ› ነው መልሱ። የሱቁን በር ያነባል፣ የመኪናውን ጎን ያነባል፣ ሳሙናውን ራሱን ያነባል! ትናንት ደግሞ ባለ ሱቁን ‹ይሄ ብስኩት ቀኑ አልፏል› ብሎ አስቀየመብኝ።»

«እውነት አልፎ ነበር?» አለች መምህርቷ ወንበሯን ወደ ፊት ስባ።

እናትየው ቦርሳቸውን ከፍተው የብስኩቱን ማሸጊያ አወጡና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። «እሱን እንድታዩልኝ ብዬ ነው የመጣሁት» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እኔ ማንበብ አልችልማ።»